እርጥብ ድንጋይ ይዋሻል

ጥር ነው። የአሜሪካዋ የኦሪገን ግዛት ባሕር ዳርቻ በዚህ ወር ለሽርሽር አይመችም፤ ዝናቡ ከጎን ይመታል፣ ነፋሱ ኮፍያ ይነጥቃል። እኔና ባለቤቴ ግን ለድንጋይ የምንወጣው አሁን ነው። እዚህ ክረምቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ወጀቡ አሸዋውን ጠርጎ ወደ ውስጥ ይወስደውና ከሥር ያለው ጠጠር ይገለጣል። ሙቀቱ ሲመጣ አሸዋው ተመልሶ ሁሉንም ያለብሰዋል።

ከኒውፖርት ከተማ በስተ ሰሜን ያሉት ሙላክ ቢች እና ቤቨርሊ ቢች በአጌት፣ ብርሃን በሚያሳልፈው ጠንካራ የጌጥ ድንጋይ፣ የታወቁ ናቸው። ከእነሱ ወደ ደቡብ ያለው ያኩዊና ሄድ ግን ክልክል ነው፤ አንዲት ጠጠር አይነሳም። እዚያ የሚኬደው ለጆሮ ነው፦ ማዕበሉ ሲመለስ ክብ ክብ ጥቋቁር ድንጋዮቹ እየተጋጩ የሰርግ ቤት ጭብጨባ ያሰማሉ።

በተፈቀደው ዳርቻ አንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን (4 ሊትር ገደማ)፣ በዓመት ደግሞ 3 ጋሎን ድረስ ለግሉ መውሰድ ይችላል። ኮታው ለመምረጥ ያስገድዳል። ውሃው የሚያታልለውም ምርጫው ላይ ነው።

የምንደርሰው ባሕሩ እጅግ ከሚሸሽበት ሰዓት 2 ሰዓት ያህል ቀድመን ነው። ውሃው ሲወርድ ተከትሎ መውረድ፣ መመለስ ሲጀምር መውጣት። ለባልና ሚስት ከሁሉ የሚጠቅመው ደንብ፦ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ባሕሩን ያያል። በየ20 ደቂቃው እንቀያየራለን፤ የሚያይ ሰው መሬት መሬት አያይም፣ ስልክም አይነካም። በዚህ ዳርቻ ሳይታሰብ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ የብሱ ዘልቆ የሚመጣ ማዕበል አለ። ሰው ሸሽቶ ግንድ ላይ ይወጣል፤ ስህተቱ እሱ ነው። ውሃ የጠገበ ግንድ ቶን ቢመዝንም ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ውሃ ያንከባልለዋል።

አጌት ብርሃን ያሳልፋል፤ ስለዚህ የሚፈለገው ፊትን ወደ ፀሐይ አዙሮ ነው። በጥር ፀሐይዋ በደቡብ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ስንሄድ ወደ ደቡብ እንሄዳለን፤ ከግራጫው ጠጠር መሃል እንደ ፍም የሚበራው እሱ ነው። ስንመለስ ፀሐይ ከጀርባ ትሆናለች፤ ያኔ ብርሃን የማያሳልፈው ጃስፐር በቀይና በአረንጓዴ መልኩ ይታያል። በነገራችን ላይ እነዚህ ስሞች ለአማርኛ ባዳ አይደሉም፤ ጃስፐር የመጽሐፍ ቅዱሳችን ኢያስጲድ ነው፣ አጌትም የኬልቄዶን ዘር ነው።

አሁን ወደ ውሸቱ። እርጥብ ሆኖ ማር የሚመስል ድንጋይ ሲደርቅ አመድ ይሆናል። የተፋጨው ገጽ በዓይን በማይለዩ ጉድጓዶች የተሞላ ስለሆነ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ውሃ ጉድጓዶቹን ሞልቶ ለጊዜው ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ያነሳነው ሁሉ በፎጣ ታብሶ ከነፋሱ ተከልሎ 10 ደቂቃ ሳይቆይ ከረጢት አይገባም። ከዚያ በባትሪ ከኋላ ይበራበታል፦ ውስጡ ቀጥ ብሎ የሚያበራ ስንጥቅ ካለ ይጣላል፣ ቤት ያለው ማለስለሻ ማሽን ውስጥ ይሰበራልና። በመጨረሻ የቢላ ጫፍ። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ አጌት 7 አካባቢ ስለሆነ ቢላ አይጭረውም፤ እሱን የሚመስለው ለስላሳው ማዕድን ካልሳይት 3 ነው፣ ወዲያው ይጫራል። ባለቤቴ ከሁለታችን ጨካኟ ናት፤ ከእኔ ክምር ግማሹን ወደ ባሕር የምትመልሰው እሷ ናት፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ናት።

ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ያንን የውሃ ልስላሴ ቋሚ ማድረግ ነው። 3 ፓውንድ (1.4 ኪሎ ገደማ) የሚይዝ የታምብለር፣ ማለትም ድንጋይ እያንከባለለ የሚያለሰልስ ማሽን፣ በርሜል ሁለት ሦስተኛ ያህል በድንጋይ ይሞላል፤ ትልልቁና ትንንሹ ተደባልቆ። 4 የሾርባ ማንኪያ 60/90 ሲሊከን ካርባይድ (የሚፍቅ ዱቄት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዱቄቱ ይልማል)፣ ውሃ ከላይኛው ድንጋይ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 7 ቀን። የባሕር አጌት ክብ ስለሆነ ይህን ደረጃ መዝለል ያጓጓል፤ እንዳትሞክሩት። ጉድጓዶቹ እስኪጠፉ ሁለት ሦስት ዙርም ይፈጃል። ድንጋዩ እያነሰ ሲሄድ ክፍተቱን በሴራሚክ እንክብሎች መሙላት ነው፤ አለዚያ እርስ በርሱ ይፈነካከታል። ቀጥሎ 120/220፣ ከዚያ 500፣ መጨረሻ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ማብረቂያ፤ እያንዳንዱ ሳምንት ሳምንት። በየመሃሉ ድንጋዩም፣ በርሜሉም፣ የክዳኑ ጎማም በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። ሻካራው ዱቄት አንዲት ፍሬ ከቀረች የመጨረሻውን ሳምንት ሁሉ ትጭራለች። ጭቃውን ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ የደፋ ሰው ቧንቧ ሠሪ ይጥራ፤ ቱቦው ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ባልዲ ውስጥ አጥልሎ ደቃቁን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መጣል ነው።

ከአገር ቤት የመጣ ድንጋይ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደላንታ ወገል ጤና የሚወጣው ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲነከር ጥርት ብሎ ብርጭቆ ይመስላል፣ የቀለሙ ጨዋታም ይጠፋል። ታምብለር ውስጥ አይገባም፤ ቀለበት ከሆነም ዕቃ ሲታጠብና ሊጥ ሲቦካ ከጣት ይወጣል። ንጹህ ውሃ ብቻውን ብዙ አይጎዳውም፤ ዘይትና ባለቀለም ነገር ግን ገብቶ ሊቀር ይችላል። የረጠበ እንደሆነ ጥላ ውስጥ፣ ጨርቅ ላይ፣ ለቀናት ይተዋል። መሃል ላይ እንደ ወተት ይነጣል። ሰው ደንግጦ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጠው ያኔ ነው፤ የሚሰነጠቀውም ያኔ።