የመጀመሪያ ኦሲሎስኮፕ ስትገዙ ከሜጋኸርዙ ጋር ምን ልታዩ ይገባል?

በትንሽ ገንዘብ የመጀመሪያ ኦሲሎስኮፕ (ባጭሩ ስኮፕ፣ ቮልት በጊዜ ሲለዋወጥ ስሎ የሚያሳይ መሣሪያ) ለመግዛት ለምታስቡ፣ እስካሁን የተረዳነውን እናካፍላችሁ። የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ ደምቆ በተጻፈው ሜጋኸርዝ (ባንድዊድዝ፣ ስኮፑ የሚያየው የፍሪኩዌንሲ ጣሪያ) ላይ ነው። ስኮፑ እውነት መናገሩን የሚወስኑት ግን ሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ)፣ ሚሞሪው (ስንት ነጥብ እንደሚይዝ) እና ፕሮቡም (መለኪያ ገመዱ) ጭምር ናቸው።

ከታች እንጀምር። ዲኤስኦ138 የሚባለው ተገጣጣሚ ኪት የሚያየው እስከ 200 ኪሎኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ሳምፕል ይወስዳል። ለድምፅ ማጉያ፣ ለፓወር ሰፕላይ ሪፕል (በዲሲው ላይ ለሚቀረው መዋዠቅ)፣ ለአርዱይኖ ፒደብሊውኤም (ቶሎ ቶሎ ለሚበራና ለሚጠፋ ሲግናል)፣ ለ9600 ቦድ (በሰከንድ 9600 ቢት) ሲሪያል ይበቃል። ብየዳም ታለማመዱበታላችሁ። ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ግን “አልችልም” አይልም፤ ይዋሻል። 990 ኪሎኸርዝ ብታስገቡለት፣ መጠኑ ያነሰ ንጹሕ የ10 ኪሎኸርዝ ሞገድ ሊያሳያችሁ ይችላል። ያንን ያመነ ጀማሪ ጤነኛ ካፓሲተር ሲነቅል ይውላል። ስለዚህ ሳምፕል ሬቱ የባንድዊድዙን ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን። በዩኤስቢ የሚሠራው ሃንቴክ 6022ቢኢ 20 ሜጋኸርዝ ይባላል፤ ሳምፕሉ 48 ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ብትጠቀሙበት ይሻላል።

ሚሞሪውን አብዛኛው ሰው ይዘነጋዋል። የ115200 ቦድ መልእክት 20 ሚሊሰከንድ ያህል መቅረጽ ፈለጋችሁ እንበል። አንዱ ቢት 8.7 ማይክሮሰከንድ ነው። 4 ሺህ ነጥብ የሚይዝ ስኮፕ በየ5 ማይክሮሰከንዱ አንድ ነጥብ ይደርሰዋል፤ ለአንድ ቢት ሁለት ነጥብ እንኳ አይሞላም፣ መልእክቱም አይነበብም። 40 ሺህ የሚይዘው ለየቢቱ 17 ያህል ነጥብ አለው፤ ይነበባል። እንደ ሪጎል ዲኤስ1054ዚ 12 ሚሊዮን ለሚይዝ ደግሞ ይህ ጭንቀት አይደለም።

ማይክሮኮንትሮለር ላይ ለምትሠሩ፣ 50 ሜጋኸርዝና 2 ቻናል ጥሩ መነሻ ነው። የስኮፑን የራሱን ራይዝ ታይም (ሞገዱ ከታች ወደ ላይ ሲዘል የሚያሳይበትን አጭሩን ጊዜ) ለማግኘት 0.35ን ለባንድዊድዙ አካፍሉ፤ ለ50 ሜጋኸርዝ 7 ናኖሰከንድ ይመጣል። የ16 ሜጋኸርዝ ካሬ ሞገድ በዚህ ላይ ጠርዙ ተጠጋግቶ ሳይን ሊመስል ነው የሚታየው፤ ሦስተኛው ሃርሞኒክ (ካሬውን ካሬ ከሚያደርጉት ፈጣን ሞገዶች የመጀመሪያው) 48 ሜጋኸርዝ ላይ ነውና። ክሎኩ መኖሩን ታውቁበታላችሁ፣ ቅርጹን ግን አትፈርዱበትም። የ50 ሜጋኸርዙ ዲኤስ1054ዚ በአንድ ቻናል በሰከንድ 1 ቢሊዮን ሳምፕል ይወስዳል፤ አራቱም ሲከፈቱ ወደ 250 ሚሊዮን ይወርዳል፣ አሁንም አምስት እጥፍ ነው። ገንዘቡ ከተገኘ 70 ሜጋኸርዝና 12 ቢት (ቮልቱን ይበልጥ በጥቃቅን ደረጃ የሚለካ) የሆነውን የሪጎል ዲኤችኦ804 እንመርጣለን፤ አነስተኛ ሪፕል ሲለካ ልዩነቱ ይታያል።

ፕሮቡ ላይ ያለችው ማብሪያ 1ኤክስ ላይ ከሆነች፣ የ100 ሜጋኸርዝ ስኮፕም ቢሆን ጥቂት ሜጋኸርዝ ብቻ ያያል። 10ኤክስ ላይ አድርጓት፣ ስኮፑ ላይም 10ኤክስ ምረጡ፤ አለዚያ ቮልቱ አሥር እጥፍ ተሳስቶ ይነበባል። ከዚያ በ1 ኪሎኸርዙ መፈተሻ ላይ ሰክታችሁ፣ የካሬው ጫፍ ሳይሾልና ሳይጎብጥ ቀጥ እስኪል ትንሿን ብሎን አዙሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ኧርዝ (የመሬት መስመሩ) ነው። የፕሮቡ ግራውንድ ክሊፕ በቀጥታ ከስኮፑ ኧርዝ ጋር ተያይዟል። የስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ 310 ቮልት ያለበት ወገን ላይ ብትሰኩት ሾርት ነው፤ ስኮፑም ይቃጠላል። ያንን ለመሸሽ ኧርዙን መቁረጥ ደግሞ የስኮፑን አካል ገዳይ ያደርገዋል። ለዚያ ወገን ዲፈረንሻል ፕሮብ (ከኧርዝ ጋር ሳይያያዝ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ቮልት የሚለካ) ያስፈልጋል፤ እስክታገኙ ድረስ ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ባለው ዝቅተኛ ቮልት ላይ ብቻ ሥሩ።

ከአሜሪካ በሰው የሚመጣ ስኮፕ ሦስት እግር ያለው መሰኪያ ይኖረዋል። እዚህ ባለ ሁለት እግር አዳፕተር ሲገባበት ኧርዙ ይቀራል፤ አካሉ በፊልተር ካፓሲተሮቹ በኩል የ220ውን ግማሽ ያህል ይይዛል፣ ሲነካም ይነዝራል። ኧርዝ ያለው አዳፕተርና ማከፋፈያ ፈልጉ። ግድግዳውንም በመልቲሜትር ፈትሹ፦ በፌዝና በኧርዝ መካከል 220 አካባቢ፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ከጥቂት ቮልት ያልበለጠ ካላነበበ፣ ስኮፑን ከመሰካታችሁ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስተካክለው።