ናሙና ላይ የሚሰናከል ፕሮፖዛል

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የማስተርስ ፕሮፖዛል ሳነብ ዋልኩ። መግቢያው አሥር ገጽ፣ ሜቶዶሎጂው (ጥናቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳው ክፍል) ገጽ ተኩል! ገምጋሚ ግን ቀድሞ የሚገልጠው ሜቶዶሎጂውን ነው።

ብዙው የሚሰናከለው ናሙና ላይ፣ ማለትም ስንት ሰው ይጠየቅ በሚለው ላይ ነው። የአንድን ችግር ስርጭት ለሚለካ ጥናት ቀመሩ ቀላል ነው፦ 1.96 (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር) በራሱ ተባዝቶ በፒ (ችግሩ ይኖርባቸዋል ተብሎ በሚገመተው የሰዎች ድርሻ) እና በ1 ሲቀነስ ፒ ይባዛል፤ የስህተት ህዳጉ (ውጤቱ ወደላይ ወይም ወደታች ሊዛነፍ የሚፈቀድለት መጠን) በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ይካፈላል። ፒ 0.5፣ ህዳጉ 0.05 ከሆነ 384.16 ይመጣል። ቁራጭ ሰው ስለሌለ 385። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 424።

"ፒን ለምን 50 በመቶ አደረግሽው?" ሲባል "ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል" መልስ አይሆንም። በተመሳሳይ አካባቢ የተሠራ ጥናት 23 በመቶ ካገኘ 273 ይበቃል። ፒ 6 በመቶ ሆኖ ህዳጉን 5 ላይ መተው ግን ጉድ ነው፤ 87 ሰው ይወጣና ውጤቱ ከ1 እስከ 11 በመቶ ይዋልላል። ህዳጉን ወደ 2 አውርዱት፣ 542 ይሆናል። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ቀጥሎ አባወራ የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ዲዛይን ኢፌክት አለ፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ናሙናው የሚባዛበት ቁጥር ነው። 2 ከተወሰደ የመጀመሪያው 385 ወደ 770 ያድጋል፣ ከ10 በመቶው ጋር 847።

በጀቱም ከዚሁ ይነሳል። 6 መረጃ ሰብሳቢ እያንዳንዱ በቀን 12 መጠይቅ ቢሞላ 847ቱ 12 ቀን ይፈጃል፤ የ5 ቀን አበል ይዞ መምጣት ምንድነው?

ዓላማ ላይ "መረዳት"፣ "ማወቅ" አይለኩም፤ "መጠኑን መለካት"፣ "ተያያዥ ምክንያቶችን መለየት" በሉ። እና እባካችሁ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ሰኔ ላይ ተይዞ መረጃ መሰብሰቡ ግንቦት ላይ አይጀመርም።