ፍሉይድና ኤሌክትሮላይት በመጨረሻ እንዴት እንደገባኝ

ጅማ ነርሲንግ ስንማር ከኮርሱ ሁሉ የሚፈራው ይሄ፣ የሰውነት ውሃና እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ ጨዎች ጉዳይ ነበር፣ ሰው ቁጥሩን ሸምድዶ ይገባና ኬዝ ሲሰጠው ይጠፋበታል። እኔ ቁጥሩን ለጊዜው ትቼ ውሃው የት እንዳለ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ካዋቂ ሰው ክብደት 60 ፐርሰንት አካባቢው ውሃ ነው፣ ከዛ ሁለት ሦስተኛው ሴል ውስጥ፣ የቀረው ከሴል ውጪ፣ ደም ስር ውስጥ ያለው ደሞ ከሱም ትንሹ። ይቺ ከገባቻችሁ በደም ስር የሚሰጠው የጨው ውሃ (ኖርማል ሳላይን) ለምን ከሴል ውጪ እንደሚቀር፣ የስኳር ውሃው (5 ፐርሰንት ዴክስትሮስ) ግን ስኳሩን ሰውነት ከተጠቀመበት በኋላ ባዶ ውሃ ሆኖ ሴል ውስጥ ስለሚገባ ሾክ ላይ ላለ (የደም ዝውውሩ ለተዳከመ) ሰው ለምን እንደማይጠቅም ራሱ ይመጣላችኋል።

ግን በደንብ የገባኝ ፔዲ ዋርድ (የልጆች ክፍል) ነው። ለልምምድ የወጣሁት ዝናቡ ሲጀምር ስለነበር ተቅማጥ የያዛቸው ልጆች በብዛት ይመጡ ነበር፣ አንዱ ከማና ወረዳ የመጣ 8 ኪሎ የሚመዝን የ9 ወር ልጅ ነው፣ አይኑ ጎድጉዷል፣ ራሱን አያውቅም። ሲስተር «የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አርጊና ልቀቂው» አለችኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ ተመለሰ። ከዛ «ሳንባው ንጹህ ነው፣ ታዲያ ለምንድነው እንዲ በጥልቀት እየሳበ የሚተነፍሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። በተቅማጡ ባይካርቦኔት ስለሚወጣ ደሙ አሲድ ይሆናል፣ ሳንባ ደሞ ካርቦንዳይኦክሳይድ እያስወጣ ሊያስተካክል ይታገላል፣ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ የሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ የደሙ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፣ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) 7.29፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ 28፣ ባይካርቦኔት 13 የሚል ጥያቄ ሲመጣ እኔ የማየው የዛን ልጅ አተነፋፈስ ነው።

ፕላን ሲ የሚባለውን፣ ውሃው በጣም ላለቀበት ልጅ በደም ስር የሚሰጠውን ነው የጀመርንለት፣ ፈሳሹ ሪንገር ላክቴት፣ መጀመሪያ በኪሎ 30 ሚሊ በ1 ሰዓት ማለትም 240 ሚሊ፣ ቀጥሎ በኪሎ 70 በ5 ሰዓት ማለትም 560። አንድ ሚሊ 20 ጠብታ በሚሆንበት ሴት (የግሉኮስ ቱቦ) የመጀመሪያው ሰዓት በደቂቃ 80 ጠብታ ይመጣል። ከረጢቱ ላይ ፕላስተር ለጥፈን በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት በእስክሪብቶ አሰመርን፣ ይሄን ልምድ እስካሁን አልተውኩም። (ከባድ የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ ግን ሌላ ፕሮቶኮል ነው ያለው፣ በዚህ ስሌት እንዳትሰቅሉለት።)

ደም ውስጥ ኖርማል ሶዲየም ከ135 እስከ 145 ነው፣ እኔ የውሃ ጉዳይ አርጌ ነው የያዝኩት፣ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ውሃው ስለበዛ ነው፣ ምልክቱም አንጎል ላይ ነው የሚታየው፣ መደናገር፣ ከባሰም ማንቀጥቀጥ። ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5፣ እሱ የልብ ነው። አሲዶሲስ ላይ ከሴል ስለሚወጣ ላብራቶሪ ውጤት ላይ ኖርማል ወይም ከፍ ያለ ሊመስል ይችላል፣ ስኳር በሽተኛ ኬቶአሲዶሲስ (ኢንሱሊን አጥሮ ደሙ አሲድ ሲሆን) ይዞት መጥቶ ኢንሱሊን ሲጀመርለት ደሞ ወደ ሴል ተመልሶ ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፣ በየጊዜው የሚለካው ለዛ ነው። ፖታሲየም በደም ስር ሲሰጥ በፍጹም ፑሽ አይደረግም (በመርፌ ባንዴ አይገፋም)፣ ተበርዞ ቀስ ተብሎ ነው። እኔ ትእዛዙ ቻርት ላይ ቢኖርም ትርፉ የሚወጣው በሽንት ስለሆነ መጀመሪያ ሽንት መኖሩን አያለሁ፣ ከሌለ ሳልሰቅል ሃኪሙን እጠራለሁ።