ሙዚቃው ሲገባና ሲወጣ፦ የፊልም ማጀቢያን ማዳመጥ የተማርኩበት መንገድ

ሙዚቃ አፍቃሪ ስለሆንኩ ፊልም አይቼ ስጨርስ ከታሪኩ ይልቅ ዜማው ነው ጆሮዬ ላይ የሚቀረው። ተዋናዮቹ የተናገሩትን ብረሳም፣ በየትኛው ትዕይንት ላይ ቫዮሊኑ እንደተነሣና በየትኛው ላይ ዝም እንዳለ አልረሳም። ይህን ዝንባሌ ወደ ተጠናከረ ማዳመጥ ለማሳደግ ባለፉት ዓመታት የተለያዩ መንገዶችን ሞክሬያለሁ፤ ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። ሙዚቃው የገባው የት ላይ ነው? የወጣውስ? የዜማው ውበት፣ የኦርኬስትራው ግዝፈትና የመሣሪያዎቹ ምርጫ ሁሉ የሚደነቁ ናቸው፤ ሆኖም የፊልም ሙዚቃ በመድረክ ከሚቀርበው ሙዚቃ የሚለየው በዋናነት በጊዜ ምርጫው ነው ብዬ አምናለሁ። መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የማያውቅ የሙዚቃ ደራሲ የጻፈው ዜማ የቱንም ያህል ቢያምር ፊልሙን ያደክመዋል።

አሠራሬ ቀላል ነው። አንድን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ስመለከት ምንም አልጽፍም፤ እንደማንኛውም ተመልካች ታሪኩን እከተላለሁ፣ እስቃለሁ፣ እፈራለሁም። እንደገና ስመለከተው ግን ደብተር ይዤ እቀመጥና ሙዚቃው የጀመረበትንና ያቆመበትን ደቂቃ፣ ከጎኑም በዚያች ቅጽበት በምስሉ ላይ የሆነውን ነገር እመዘግባለሁ። «ሙዚቃ ጀመረ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የገባው ተዋናዩ በሩን ሲከፍት ነው ወይስ ከፍቶ ከገባ በኋላ? ንግግሩ ሳያልቅ ነው ወይስ ንግግሩ አልቆ ሁለቱ ሰዎች ዝም ብለው ሲተያዩ? እነዚህ ልዩነቶች በሰከንድ የሚለኩ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን ሰፊ ነው። ከድርጊቱ ቀድሞ የገባ ሙዚቃ ተመልካቹን ያዘጋጀዋል፣ አንዳንዴም ያስጠነቅቀዋል፤ ከድርጊቱ ዘግይቶ የገባ ሙዚቃ ደግሞ አሁን ያየውን ነገር መልሶ እንዲያስብበት ያስገድደዋል።

በዚህ መንገድ ካየኋቸው ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት፣ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በ1972 ባቀረበው «ጎድፋዘር» ውስጥ ያለው የምግብ ቤት ትዕይንት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማይክል ኮርሊዮኒ ሊገድላቸው ካሰባቸው ሁለት ሰዎች ጋር ለእራት ይቀመጣል። ሽጉጡ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቀዋል። ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሽጉጡን ይዞ ይመለሳል፤ እንደገና ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ኖታ እንኳ አትሰማም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው በጣሊያንኛ ያወራል፤ ትርጉሙ በጽሑፍ አይሰጠንም። ካሜራው የማይክልን ፊት እንደያዘ በአቅራቢያው የሚያልፍ ባቡር ፍጭት እየጨመረ፣ እየጨመረ ይመጣና ንግግሩን ይውጠዋል። ባቡሩን አናየውም፤ የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች ያስገባው ይህ ጩኸት በማይክል አእምሮ ውስጥ የሚፋጨውን ነገር ነው የሚያሰማን። ከዚያ ይተኩሳል። አሁንም ሙዚቃ የለም። የኒኖ ሮታ ሙዚቃ በሙሉ ኃይሉ የሚገባው ማይክል ሽጉጡን ከእጁ ከጣለ በኋላ ነው። ሌላ ፊልም ቢሆን ከበሮው ገና ማይክል ከመጸዳጃ ቤቱ ሳይወጣ በጀመረ፣ የእኛም ልብ በከበሮው ምት በመታ ነበር። እዚህ ግን ጭንቀቱን ያለ አጋዥ እንድንሸከመው ተትቶልናል፤ ሙዚቃው ሲደርስ ግድያው አልፏል፤ የሚነግረንም ይህ ወጣት ከእንግዲህ ወደ ቀድሞ ሕይወቱ እንደማይመለስ ነው። በደብተሬ ውስጥ ሙዚቃ የሌለባቸውን ቦታዎች ሙዚቃ ካለባቸው እኩል በጥንቃቄ መመዝገብ የጀመርኩት ከዚህ ትዕይንት ተነሥቼ ነው።

በ1975 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ የሻርክ ፊልም «ጆውስ» ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። የጆን ዊሊያምስን ሁለት ጎረቤት ኖታዎች የማያውቅ የለም፤ ቼሎና ደብል ቤዝ በዝቅተኛ ድምፅ በዝግታ ይጀምሯቸዋል፣ ከዚያ በኖታዎቹ መካከል ያለው ክፍተት እየጠበበ፣ ፍጥነቱም እየበረታ ይሄዳል። ለቀረጻው የተሠራው ሜካኒካዊ ሻርክ በባሕር ውኃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍሎች ሻርኩ እምብዛም አይታይም፤ በእርሱ ፈንታ የሚመጣው ሙዚቃው ነው። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው የሚናገረው ነው። ደብተሬ ያሳየኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ሁለት ልጆች ከካርቶን የተሠራ የሻርክ ክንፍ ይዘው ዋናተኞችን በሚያስደነግጡበት ትዕይንት ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ይሯሯጣል፣ ሁለቱ ኖታዎች ግን ጨርሶ አይሰሙም። ሙዚቃው አይዋሽም ማለት ነው፤ እርሱ ካልመጣ ሻርኩም አልመጣም። ተመልካቹ ሳያውቀው ይህን ውል ይቀበላል፣ በሙዚቃውም ይተማመናል። ከዚያም በኋላ የፖሊስ አዛዡ ብሮዲ ከጀልባዋ ላይ ማባበያ ሥጋ ወደ ባሕር እየወረወረ ሳለ፣ የሻርኩ ጭንቅላት ያለ ምንም የሙዚቃ ማስጠንቀቂያ ከውኃው ብቅ ይላል። ያ ድንጋጤ የተሠራው ፊልሙ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በተገነባ እምነት ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሙዚቃ በአንድ ትዕይንት ላይ ለምን እንደቀረ ለመረዳት፣ ከዚያ በፊት በየትኞቹ ትዕይንቶች ላይ እንደነበረ ማወቅ ግድ ይላል።

ከደብተሩ ሌላ የማዘወትራቸው ሁለት ልምምዶች አሉ። አንደኛው ድምፁን ፈጽሞ አጥፍቶ ማየት ነው፤ ሁለተኛው ለምስሉ ጀርባ ሰጥቶ መስማት ብቻ ነው። ድምፅ አጥፍቼ ስመለከት ብዙ ጊዜ የሚያስደንቀኝ የተዋናዮቹ ፊት ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደሚናገር ነው፤ ኀዘን ነው ብዬ የያዝኩት ፊት ያለ ሙዚቃው ሐሳብ ላይ ያለ ሰው ፊት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ምስሉን ትቼ ስሰማ ደግሞ የመሣሪያዎቹ ምርጫ ይጎላል። በርናርድ ኸርማን በ1960 ለአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» የጻፈው ሙዚቃ በሙሉ በክር መሣሪያዎች ብቻ የተሠራ ነው፤ ጥሩምባም ከበሮም የለበትም። ሂችኮክ የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲያልፍ ነበር ፍላጎቱ፤ ኸርማን ግን ጽፎ አሰማው፤ ዳይሬክተሩም ሐሳቡን ለወጠ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስሰማው ከቫዮሊኖቹ ስለታም ጩኸት ይልቅ ቀልቤን የሚስበው ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ከባዶቹ ዝቅተኛ ክሮች እየተጎተቱ ይወርዳሉ፣ ሙዚቃው ይቆማል፣ የሚፈስሰው ውኃ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣው «ዘ በርድስ» ላይ ደግሞ እነዚሁ ሁለት ሰዎች የተለመደውን የማጀቢያ ሙዚቃ ጨርሶ ትተው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተቀነባበሩ የወፍ ድምፆችን ተጠቀሙ።

ሁለቱን ልምምዶች ጎን ለጎን እንድሠራ ያደረገኝ ግን የሕንዳዊው ዳይሬክተር የሳትያጂት ሬይ «ፓተር ፓንቻሊ» (1955) ነው። አባት ከረጅም ጉዞ ይመለሳል፤ ሴት ልጁ መሞቷን አላወቀም። ያመጣላትን ሳሪ ለእናትየዋ ሲያሳያት እናት ትፈርሳለች፣ አፏ ለልቅሶ ይከፈታል፤ የምንሰማው ግን የእርሷን ድምፅ አይደለም። በልቅሶዋ ቦታ ታር ሸናይ የሚባለው በደጋን የሚመታ የክር መሣሪያ ከፍ ባለ ድምፅ ያለቅሳል። ሙዚቃውን የሠራው ራቪ ሻንካር ነው። ድምፁን አጥፍቶ ያየ ሰው የሚያለቅስ አፍ ብቻ ያያል፤ ምስሉን ትቶ የሰማ ሰው አንድ መሣሪያ ብቻ ይሰማል፤ ልብ የሚሰብረው ነገር ያለው በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ የሙዚቃ አገባብ አላውቅም።

አንድ ዜማ በፊልሙ ውስጥ ተመላልሶ ሲመጣ ምን ተለውጦበት እንደመጣ መከታተልም ብዙ ይጠቅማል። በ1980 በ«ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ» በነሐስ መሣሪያዎች እየደነፋ የገባው የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ክፉ ገጸ ባሕርይ የዳርዝ ቬደር ዜማ፣ በ1983 «ሪተርን ኦፍ ዘ ጄዳይ» ላይ ሰውየው ሲሞት ሳስቶና ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ የመጨረሻዎቹንም ኖታዎች በገና መሰሉ ሃርፕ ይጫወታቸዋል። ዜማው ያው ነው፤ ሰውየው ግን ተለውጧል፤ ይህንንም ከማንኛውም ንግግር አስቀድሞ የሚነግረን መሣሪያው ነው።

ጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ ኤንዮ ሞሪኮኔን በተመለከተ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለ«ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» (1968) ዋና ዋና ዜማዎቹን የጻፈውና ያስቀረጸው ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከልጅነቱ አብሮት የተማረው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሌዮኔም በቀረጻው ቦታ ዜማዎቹን እያሰማ ተዋናዮቹን ያንቀሳቅስ ነበር። ክላውዲያ ካርዲናሌ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ገብታ ስታልፍ ካሜራው ከውጭ በመስኮት ይከተላታል፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ጣሪያውን ተሻግሮ ወደ ላይ ይወጣና ከተማዋን በሙሉ ይገልጣታል፤ የዘፋኟ የኤዳ ዴል ኦርሶ ድምፅም ከካሜራው ጋር እኩል ከፍ ይላል። እዚያ ላይ ሙዚቃው ምስሉን አጀበ ማለት አይቻልም፤ የታጀበው ሙዚቃው ነው። ይኸው ፊልም ግን የሚጀምረው ሙዚቃ አልባ በሆነ ረጅም ትዕይንት ነው፤ የሚንቋቋ የነፋስ መዘውር፣ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ፣ አንዲት ዝንብ፣ እነዚህ ብቻ ይሰማሉ፤ አርሞኒካው የሚገባው ባቡሩ ከሄደ በኋላ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ደቂቃዎች ጥበቃ በኋላ የመጣች አንዲት አርሞኒካ ከመቶ ሰው ኦርኬስትራ ትበልጣለች።

ለፊልሙ ተብሎ ያልተጻፈ ሙዚቃም የራሱ ወግ አለው። ዳይሬክተሮች ፊልሙን ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ለጊዜው ብለው ነባር ሙዚቃ ከሥሩ ያስገባሉ፤ አንዳንዴም ከጊዜያዊው ጋር ይዋደዱና መለየት ያቅታቸዋል። ስታንሊ ኩብሪክ ለ«2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» (1968) አሌክስ ኖርዝ የጻፈውን ሙዚቃ ትቶ የሪሃርድ ሽትራውስን፣ የዮሃን ሽትራውስንና የጊዮርጊ ሊጌቲን ሥራዎች ተጠቀመ፤ ኖርዝም ሥራው እንደተተወ ያወቀው ፊልሙን ተቀምጦ ሲመለከት ነው። ውጤቱ ድንቅ መሆኑን አምናለሁ፤ ለኖርዝ ግን እስከ ዛሬ አዝናለሁ። በእኛ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ምሳሌ በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ ያስገባው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለመንገዱ የሚሆን ሲዲ ይሰጠዋል፤ ሰውየው በየመንገዱ እያሽከረከረ ይሰማዋል። ሙዚቃው የሚገባው ከመኪናው ማጫወቻ ውስጥ ስለሆነ፣ ከአሥርት ዓመታት በፊት ለሌላ ዓላማ የተቀረጸ መሆኑ አያስታውቅም፤ ገጸ ባሕርዩ ራሱ የከፈተው ሙዚቃ ነው። በ2021 በወጣው «ፓሲንግ» ላይ የተሰማው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖም እንዲሁ ጥቁርና ነጩን ምስል ለእርሱ ተብሎ የተጻፈ እስኪመስል ይስማማዋል። ይህን ሙዚቃ አስቀድሞ የሚያውቅ አድማጭ ፊልሙን ሲያይ ሁለት ትዝታ በአንድ ጊዜ ይዞ ስለሚያዳምጥ፣ እነዚህን ሥራዎች መጀመሪያ ለብቻቸው መስማት ይሻላል ባይ ነኝ።

ለፊልሙ ተብሎ የተጻፈውን ሙዚቃ በተመለከተ ግን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ፤ ፊልሙ ይቀድማል፣ አልበሙ ይከተላል። አልበም ከፊልሙ የተቀዳ ቅጂ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም፤ የትራኮቹ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ይለያል፣ በፊልሙ ላይ የሌለ ክፍል ይገኝበታል፣ አንዳንዱም እንደ አዲስ ይቀረጻል፤ በ1975 የወጣው የ«ጆውስ» አልበም ለብቻው እንደገና የተቀረጸ ነው። በአልበሙ ላይ ደራሲው ንግግርና ፍንዳታ ሳይሻማው ሐሳቡን እስከ መጨረሻ ይናገራል፤ በፊልሙ ላይ ደግሞ ሐሳቡ በአንድ በር መዘጋት ይቆረጣል። ስለዚህ አልበሙን በጆሮ ማዳመጫ ከሰማሁ በኋላ ወደ ደብተሬ ተመልሼ እያንዳንዱ ዜማ በፊልሙ ላይ የተቆረጠበትን ቦታ እፈልጋለሁ፤ ለምን እዚያ ላይ እንደተቆረጠ ሲገባኝ ፊልሙን እንደገና እከፍተዋለሁ።