አህመድ ሁሴን ሱዋሌን ሳስብ

ስለ ጋና ፕሬስ ሲነሳ የምንሰማው ምስጋና ነው። ይገባታል። ዛሬ ግን ውስጤን የሚበላኝን፣ የተገደለውን ጋናዊ ጋዜጠኛ የአህመድን ነገር ልጻፍ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ጋናዎች ሬዲዮናቸውን ያገኙት ታግለው ነው። የ1992ቱ ሕገ መንግሥት ነፃ ሚዲያን ቢፈቅድም አየሩን መንግሥት ይዞት ነበር። በ1994 መጨረሻ አክራ ላይ ሬዲዮ አይ የሚባል ጣቢያ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ሲጀምር መሣሪያው ተወረሰ፤ ሰውም ሰልፍ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ለግል ኤፍኤሞች በሩ ተከፈተ። የ2000 ምርጫ ሲደርስ ሪፖርተሮቹ ከየምርጫ ጣቢያው እየደወሉ የተቆጠረውን ድምፅ ያሰሙ ስለነበር፣ ቤቱ የተቀመጠ ሰው እንኳ ሬዲዮ እየሰማ አብሮ መደመር ይችል ነበር። እንዲህ ሆኖ ድምፅ መስረቅ ከባድ ነው። ሥልጣን ከፕሬዚዳንት ሮውሊንግስ ፓርቲ ወደ ተቃዋሚው ኩፉዎር በሰላም ተሻገረ፤ በ2001 ደግሞ ጋዜጠኛን በስም ማጥፋት የሚያሳስረው የቅኝ ግዛት ዘመን ሕግ ተሻረ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

አህመድ አናስ አረመያው አናስ የሚባለው የምርመራ ጋዜጠኛ ባልደረባ ነበር። አናስ አደባባይ ሲወጣ ፊቱን በዶቃ መጋረጃ ይሸፍናል፤ ሥራቸው የሚቆመው ማንነታቸው ካልታወቀ ብቻ ነዋ። በ2018 የጋናን እግር ኳስ ጉቦ በድብቅ ካሜራ አጋለጡ፣ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትም በፊፋ ታገደ። ከዚያ አንድ የፓርላማ አባል የአህመድን ፎቶ በቴሌቪዥን አሳየ። አክራ ውስጥ ማዲና የሚባል ሰፈር እንደሚኖር ተናገረ። ደብድቡት፣ እኔ እከፍላለሁ አለ። በጃንዋሪ 2019 አህመድ እዚያው ማዲና ውስጥ መኪናው ውስጥ እንዳለ በጥይት ተገደለ። ሰውዬው አስገደለው እያልኩ አይደለም፣ እሱም የለሁበትም ብሏል። ግን ተደብቆ የሚሠራን ሰው ፊት ለአገር ማሳየት ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? ግድያውም ፍርድ ሳያገኝ ዓመታት ነጎዱ።

የሚገርመው፣ ከ1999 ጀምሮ ሲንከባለል የኖረው የመረጃ ነፃነት ሕግ የጸደቀውም በዚሁ በ2019 ነው። የመንግሥትን ወረቀት መጠየቅ ተፈቀደ፤ ጠያቂውን ማን ይጠብቀው? በ2018 በድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የፕሬስ ነፃነት ደረጃ 23ኛ፣ ከአፍሪካ አንደኛ የነበረች አገር በ2022 60ኛ ወረደች።

ልማት ይቅደም፣ የፕሬሱ ጉዳይ ይደርሳል የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ጋላምሴይ የሚሉት ሕገወጥ የወርቅ ቁፋሮ ፕራ የሚባለውን ወንዝ አደፍርሶት፣ በ2024 ማጣሪያው ጭቃውን መቋቋም አቅቶት ኬፕ ኮስት በምትባለው ከተማ አካባቢ የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ነበር። ከቁፋሮው ጀርባ ያለውን ባለሥልጣንና ባለሀብት ጫካ ገብቶ የሚያጣራው ጋዜጠኛ ነው። እሱ የአህመድን ነገር እያሰበ ከቤቱ ከቀረ፣ ኬፕ ኮስት ያለችው እናት ቧንቧዋ ለምን እንደደረቀ ማን ይነግራታል?