«ጣቶችህን አንቀሳቅስ» ያልኩበት ምሽት

በሐዋሳ በሚገኝ አንድ የሕክምና ተቋም ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ጀማሪ ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየበለተ የሚተዳደር አንድ ወጣት የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ቅዳሜ ምሽት መጣ። ቤተሰቡ አስቀድመው ወጌሻ ዘንድ ወስደውት ስለነበር ክንዱ በተሰነጠቀ ቀርከሃና በጨርቅ ተጠፍሯል። ፈትተን ራጅ ስናስነሣው፣ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው ብቸኛ አጥንት፣ ማለትም ሁመረስ፣ ከመካከሉ ዝቅ ብሎ በሰያፍ ተሰብሮ አገኘነው።

የእጁን ትርታ ዳስሼ ደም እንደሚደርሰው ካረጋገጥኩ በኋላ «ጣቶችህን እስቲ አንቀሳቅስ» አልኩት። እሱም ፊቱን እያጨማደደ ጨበጥ ፈታ አደረጋቸው። ካርዱ ላይ «ነርቭ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩና ከተረኛዋ ሲስተር ጋር አጥንቱን አቃንተን ጀሶ አሰርንለት፤ እጁንም በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠለጠልንለት።

በማግስቱ ጠዋት ማንጠልጠያው ሲፈታ መዳፉ ከአንጓው ታጥፎ ቁልቁል ወደቀ። ቀና አድርገው ቢባል አልቻለም፤ አውራ ጣቱም ወደ ላይ አይነሣም፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው የእጁ ጀርባም ደንዝዟል። በክፍሉ ያለነው ሁሉ ጥፋቱን ወዲያው ለወጌሻው ሰጠነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በዚህ ቀለል ብሎኝ ነበር። የአጥንት ሐኪሙ ግን ካርዱን አንብበው፣ «ጀሶ ከማሰርህ በፊት አንጓውን ቀና ሲያደርግ አይተሃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። አላየሁም።

በላይኛው ክንድ ፊት ለፊት ባይሴፕስና ከሥሩ ብራኪያሊስ የተባሉት ጡንቻዎች ይገኛሉ (ሰው ሁሉ የሚያሳየው ባይሴፕስን ቢሆንም ክርንን በማጠፍ ዋናው ብራኪያሊስ ነው)፤ ከኋላ ደግሞ ባለሦስት ራሱ ትራይሴፕስ ክርንን ይዘረጋል። አንጓንና አውራ ጣትን ቀና የሚያደርጉትን ጡንቻዎች የሚያዘው ራዲያል የሚባለው ነርቭ ከብብት ተነሥቶ በትራይሴፕስ ሥር ያልፍና ሁመረስን ከኋላ በሰያፍ ይዞረዋል፤ ከክርኑ ውጫዊ ጉብታ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎም የፊቱንና የኋላውን ጡንቻ የሚለየውን ጠንካራ ሽፋን በስቶ ወደ ፊት ይሻገራል። በዚህ ስፍራ እንደ ልቡ መሸሽ ስለማይችል፣ የተሰበረ አጥንት ጫፍ ሊወጥረው ወይም ሊቆነጥጠው ይችላል። ለትራይሴፕስ የሚሄዱት ቅርንጫፎቹ ግን ቀደም ብለው ስለሚለዩ፣ በሽተኛው ክርኑን መዘርጋቱ ነርቩ ደህና መሆኑን አያሳይም።

የእኔ ስሕተት ከዚህም የባሰ ነበር። ጣትን የሚያጥፉት ጡንቻዎች የሚታዘዙት በክንዱ ውስጠኛ ጎን ለሚወርዱት ለሚዲያንና ለአልናር ነርቮች ነው። የጣቶቹን መካከለኛና ጫፍ መገጣጠሚያ ለማቃናትም በእነዚሁ ነርቮች የሚሠሩት የመዳፍ ትንንሽ ጡንቻዎች ይበቃሉ። ስለዚህ ራዲያል ነርቩ ሥራ ያቆመ ሰው እንኳ «ጣቶችህን አንቀሳቅስ» ሲባል ያንቀሳቅሳል። እኔ የጠየቅኩት ሌሎቹን ሁለት ነርቮች ነበር፤ የጻፍኩት ግን ስለ ሦስቱም ነው።

ነርቩ የተጎዳው ባጃጁ ሲገለበጥ፣ ወጌሻው ሲያሽ ወይስ እኛ ስናቃና እንደሆነ ማወቅ ለወቀሳ ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ጉዳቱ ከአደጋው ጋር የመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ስለሚመለስ ይጠበቃል፤ ከማቃናቱ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን ነርቩ በስብራቱ መካከል ተይዞ እንደሆነ ማሰብ ግድ ይላል። ሐኪሙ ወጣቱን ራሱን ደጋግመው ሲጠይቁት፣ ወጌሻው ጋ ሳይደርስ ስልኩን ለማንሣት ሞክሮ ከእጁ እንደወደቀበት ነገራቸው። እኔ ይህን አልጠየቅኩትም። አንጓው ወደ ታች የታጠፈ እጅ ጣቶቹ ደህና ቢሆኑም አጥብቆ መጨበጥ አይችልም፤ ሐኪሙም በዚህ ምልክት ተመርተው አንጓውን ቀና አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አዘዙለትና ለመጠበቅ ወሰኑ።

የተጎዳ ነርቭ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው የሚጓዘው። በአራተኛው ወር ለክትትል ሲመጣ አንጓውን ቀስ ብሎ ቀና አደረገና «ዶክተር፣ ቢላዋውን ይዣለሁ፤ ትልቁን ዓሣ ግን ገና ነኝ» አለኝ። ካርዱን ስገልጥ «ነርቭ ደህና ነው» የሚለው ጽሑፌ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዳለ ነበር፤ ከሥሩ ሐኪሙ በማግስቱ «አንጓ ቀና አይልም፤ አስቀድሞ አልታየም» ብለው ጽፈዋል።