ሌሊቱን ኩቱ ሳይ አደርኩ

ገና አሁን ነው ህንድ፣ ቼናይ ዶርሜ የገባሁት፣ አይኔ ቀልቷል ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማታ የክላሴ ልጅ ሀገር ቤታቸው ወስዶኝ ቴሩኩቱ (ባጭሩ ኩቱ) የሚሉትን የደቡብ ህንድ ታሚሎች የመንገድ ትያትር ከምሽት እስከ ንጋት ሳይ አደርኩ። ሁለት ሰዎች ጨርቅ ወጥረው ይቆማሉ፣ ተዋናዩ ከኋላው እየዘፈነ የእግሩ ቃጭል ብቻ ይሰማሃል፣ ከዛ ጨርቁ ዞር ሲል ትከሻው ላይ ክንፍ የመሰለ የእንጨት ጌጥ፣ መስታወት የተለጠፈበት ዘውድ... በማርያም ክው ነው ያልኩት!!

ና. ሙቱስዋሚ ለምን እድሜያቸውን ለዚህ እንደሰጡ አሁን ገባኝ። በ1936 (በፈረንጅ) ፑንጃይ የምትባል ገጠር የተወለዱ ፀሐፌ ተውኔትና አዘጋጅ ናቸው፣ ዘመናዊ ድራማ እየፃፉ የፑሪሳይ መንደር ተጫዋቾችን ጨዋታ አይተው ኩቱ የገበሬ ጨዋታ ሳይሆን የራሳችን ትያትር ነው ብለው ያዙት፣ እና በ1977 ቼናይ ላይ ኩቱፓታራይ የሚባለውን የትያትር ቡድን መሰረቱ። ፓታራይ ማለት ባለሙያ የሚሰራበት ወርክሾፕ ነው፣ ስሙን እንዴት እንደወደድኩት! ተዋናዩ እንደ አንጥረኛ በየቀኑ ሰውነቱንና ድምፁን ይሰራል። የፊልም ተዋናዩ ፓሱፓቲ ከዛ ነው የወጣው፣ የታሚል ፊልም ኮከቡ ቪጃይ ሴቱፓቲም መጀመሪያ አካውንታንት ሆኖ ነው እዛ የገባው፣ ሂሳብ እየሰራ ሲለማመዱ ያያቸው ነበር። ሙቱስዋሚ በ2018 አረፉ፣ ባገኛቸው ምን ነበረበት።

ሊነጋጋ ሲል ንጉሥ የነበረው ሰውዬ ዘውዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የፊቱን ቀለም በኮኮናት ዘይት ሲጠርግ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ ድምፁ ተዘግቷል፣ በእጁ ምልክት ሻይ ጠጣ አለኝ።